የአባቴ የውትድርና ማህደር 6 ዓመት ጎድሎታል፤ እንዴት ነው የሚታረመው?

የአዘዞዋ | ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ምክር የምፈልገው ለአባቴ ነው።

አባባ ወታደር ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሣ በወራት ውስጥ፣ በ1991 መጀመሪያ ላይ ተመዝግቦ ብር ሸለቆ ሠለጠነ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ግንባር ሄደ። ግንቦት 1992 ላይ ትከሻውን ፍንጣሪ መታው። ታክሞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በ2012 ሃምሳ አለቃ ሆኖ በጡረታ ተሰናበተ። 21 ዓመት አገልግሏል ማለት ነው።

የጡረታው ደብዳቤ ሲመጣ ግን አገልግሎቱ 15 ዓመት ተብሎ ተሰልቷል። ስንጠይቅ «ማህደሩ የሚለው በ1997 ገባ ነው» ተባልን። ያን ጊዜ አባባ «ተዉት፣ እኔ ለወረቀት አልሄድኩም» አለ። እኛም ተውነው።

ባለፈው ሳምንት አብሮት የዘመተ ጓደኛው አረፈ። ከለቅሶው ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እኔ እኮ በወረቀት አብሬው አልነበርኩም» አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ያ የጠፋው 6 ዓመት ጓደኞቹን የቀበረበት ነው።

ሁለት ቢሮ ሄጄ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል። ይህን ነገር ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ከየት ልጀምር?

ሳሙና በር | ጥቅምት 6

እህቴ አትድከሚ። ጉዳይ የሚጨርስ ሰው አለ። በ1991 የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ ያወጣልሻል። ቁጥሩን በውስጥ ልላክልሽ?

ጡረተኛው ባሻ | ጥቅምት 6

ሳሙና በር፣ ልጄ፣ ይህን ቃል ከዚህ አንሣው። ሰውዬው 21 ዓመት በንጹሕ አገልግሎ በስተርጅና ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ ይገኝ? የወንጀል ሕጉ ላይ ያለውን ቅጣት እንኳ ተወው። አንዲት የተሠራች ወረቀት ከገባች እውነተኞቹም አብረው ይጠረጠራሉ። ያኔ ማንም አያድነውም።

የአዘዞዋ፣ አይዞሽ ልጄ። እኔ የደርግ ጊዜ ወታደር ነኝ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወረቀቴን በካኪ ፖስታ አድርጌ ደረቴ ላይ አስሬ ነው አገሬ የገባሁት። ሰዎች ጥይት ይዘው ሲመጡ እኔ ወረቀት ይዤ መጣሁ። ኋላ ላይ ያ ፖስታ ነው ቃሌን ያስከበረልኝ።

እኔ ያየሁት ይህ ነው። ለማህደር ስህተት ዛሬ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው በዚያን ጊዜ፣ በዚያው ቦታ፣ ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ወረቀት ነው። የስንቅ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፣ የፈቃድ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ የደመወዝ ውክልናም። ማንም ለክርክር ብሎ ያልጻፈው ወረቀት ይታመናል። የአባትሽን ሳጥን ክፈቺ። ሳጥን የሌለው ወታደር አላውቅም።

የመዝገብ ቤት ሰው | ጥቅምት 7

ባሻ ልክ ብለዋል። እኔ 19 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ በሲቪል መሥሪያ ቤት ቢሆንም የማህደር ጠባዩ አንድ ነው።

እህቴ፣ 1991 እና 1997 የሚለውን ሳይ ወዲያው የመጣልኝ ነገር አለ። የድሮ ጸሐፊዎች 1 ቁጥርን ከላይ ቀንጥበው ነው የሚጽፉት። ቀለሙ ሲደበዝዝ 7 ይመስላል። የእጅ ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የሚገለብጠው ልጅ ያየውን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ የሚያነበው ከኮምፒውተሩ ነው። ዋናውን ወረቀት የሚያወጣ የለም። ስለዚህ ቢሮ ስትሄጂ «ዓመቱ ይስተካከልልን» ብለሽ አትጀምሪ። «ዋናው የምልመላ ፎርም ከማህደሩ ይውጣና ከኮምፒውተሩ ጋር ይመሳከር» በይ። የመጀመሪያው ልመና ይመስላል። ሁለተኛው ሥራቸው ነው።

ሌላ የምለምንሽ ነገር፣ በቃል ጠይቀሽ አትመለሺ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን መዝገብ ቤቱ ይቀበላል። ያንቺው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ማህተም ይምቱበት። ያለ ቁጥር የገባ ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው። «ነገ ነይ» ሲሉሽ ነገ የምትጠይቂው ቁጥሩን ይዘሽ ነው።

የወታደር ሚስት | ጥቅምት 7

የኔ ልጅ፣ በአባትሽ ማህደር ላይ የእናትሽን ስም አይተሻል? ዓመቱን ብቻ እንዳትፈልጊ።

እኔ ባለቤቴ በሥራ ላይ እያለ ነው ያረፈው። ሲመለመል «ሚስትህ ማን ትባላለች?» ቢሉት በቤት የሚጠራኝን ስም ነግሯቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ማህደሩ ውስጥ ተቀምጫለሁ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ሌላ ነው። የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ደግሞ ካህኑ የጻፉት የክርስትና ስሜ ነው፤ ወለተ ብሎ የሚጀምረው። አንዲት ሴት በሦስት ስም። ሕጉ ለሚስት የሟቹን ጡረታ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ እኔ መሆኔን ማስረዳት ነበረብኝ።

ፍርድ ቤት ምስክር አቁሜ፣ በሦስቱም ስም የምጠራው አንድ ሰው መሆኔን የሚገልጽ ውሳኔ አወጣሁ። ዳኛው ጥሩ ሰው ነበሩ። ግን ሐዘን ላይ ሆኖ ፍርድ ቤት መመላለስ ይከብዳል። ጥቁር ለብሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፌ ሳለቅስ ሰው ያየኝ ነበር። አባትሽ በሕይወት እያለ «አዎ፣ ሚስቴ ይህች ናት» ብሎ በአንድ ፊርማ የሚያስተካክለውን፣ ነገ እናትሽ በብዙ ምስክር ነው የምታስተካክለው። እባክሽ ዛሬ አስጨርሺው።

የአዘዞዋ | ጥቅምት 9

እትዬ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ምክርዎን እንዳነበብኩ አባባን ጠየቅኩት። እናቴን ያስመዘገባት በቤት ስሟ ነው! በመታወቂያዋ ማንም አይጠራትም። ይህን ባልነገሩኝ ኖሮ አናውቅም ነበር።

ሳጥኑንም ከፈትን። የቆርቆሮ ነው፣ አልጋ ሥር ነበር። ፎቶዎች፣ ጽሑፉ የጠፋ የፈቃድ ወረቀት፣ የኋለኛው ዘመን መታወቂያ፣ የእኔ የ3ኛ ክፍል ሰርተፊኬት (እስካሁን መያዙን አላውቅም ነበር)። የምልመላ ወረቀት ግን የለም። የብር ሸለቆው የሥልጠና ምስክር ወረቀትም ጠፍቷል።

አብረውት የነበሩ ሁለት ሰዎች እንመሰክራለን ብለዋል። ቢሮው ግን «የሰው ምስክር ለአገልግሎት ዘመን አይበቃም፣ የጽሑፍ ማስረጃ አምጡ» አለኝ።

ሀገር ናፋቂ | ጥቅምት 10

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግሎ የስንብት ወረቀቱ ላይ የዘመተበት ጊዜ ተዘልሎበት ስለነበር ነገሩን በቅርብ አይቼዋለሁ። አሠራሩ ከእኛ ይለያል፣ ግን አንድ የሚጠቅምሽ ነገር አለው።

እዚህ ወታደር የሚሰናበትበት ወረቀት ዲዲ 214 ይባላል። ስህተት ካለበት ዲዲ 149 የሚባል ቅጽ ተሞልቶ ማህደር ለሚያርመው ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ ሲቪሎች የተቀመጡበት ነው። ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለብህ፤ ለፍትሕ ሲባል ቀኑ ያለፈበትንም ሊያዩት ይችላሉ። ወንድሜን ያስደነገጠው ግን ቦርዱ ራሱ ዞሮ እንደማይመረምር ማወቁ ነው። የቀረበለትን አይቶ ይፈርዳል። ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም የወታደሩ ነው።

አሁን ወዳንቺ ጉዳይ ልምጣ። በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 1965፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የወታደሮች ማህደር ማስቀመጫ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማህደር አመድ ሆነ። ያን ያህል ሰው «አላገለገልክም» ሊባል ነው? አልተባለም። የጠፋውን ታሪክ ከሌላ ቦታ ሰበሰቡት። ከደመወዝ ሰነድ፣ ከየክፍሉ ዕለታዊ ሪፖርት፣ ደግሞም ከሆስፒታል የመኝታ መዝገብ። የቆሰለ ወታደር ሁለት ቦታ ይመዘገባል። ክፍሉ ቢረሳው ሆስፒታሉ አይረሳውም። አባትሽ ቆስለዋል ብለሻል። የሕክምና ወረቀት የለም?

የአዘዞዋ | ጥቅምት 10

አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ፣ ከፎቶዎቹ መሃል። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ክፍሉ፣ የሆስፒታሉ ማህተም አለበት። ግን አይጠቅምም። ቢሮ ወስጄው ነበር። የሚለው 31/5/2000 ነው። ሠራተኛው አየውና «በ2000 መታከሙን ነው የሚያሳየው፣ በ1997 ገባ ከሚለው ጋር አይጋጭም፣ እንዲያውም ያጠናክረዋል» ብሎ መለሰልኝ። አባባ ደግሞ በ2000 ሆስፒታል አልገባሁም ይላል። ምናልባት ረስቶት ይሆናል።

ነርሷ | ጥቅምት 10

ቆይ ቆይ።

31 ነው ያልሽው? ደግመሽ እይልኝ። ሠላሳ አንድ?

የአዘዞዋ | ጥቅምት 10

አዎ። 31/5/2000። በደንብ ይነበባል።

ነርሷ | ጥቅምት 10

በእኛ ወር 31 የሚባል ቀን የለም! 12ቱም ወር 30፣ 30 ነው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6። ያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን አይችልም። እኛ ጤና ባለሙያዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ የተማርነውም ካርዱም በዚያ ነው። ሆስፒታል ብትሄጂ ዛሬም የካርዱ ቀን እንደዚያው ነው። ሕመምተኛው ሁሌ ይደናገራል።

31/5/2000 ማለት ሜይ 31 ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ግንቦት 23 ቀን 1992።

አባትሽ አልረሱም። በትክክል ያስታውሳሉ። ያ ወረቀት በ1992 ወታደር ነበሩ ይላል።

የመዝገብ ቤት ሰው | ጥቅምት 10

ተነሥቼ ቆምኩ። ግንቦት 23 ቀን 1992! አልጀርስ ላይ የተኩስ አቁሙ ከተፈረመበት ከሰኔ 11 በፊት 18 ቀን መሆኑ ነው። የጦር ሜዳ ቁስል መሆኑን ራሱ ቀኑ ይናገራል። ባሻ ያሉት ለክርክር ያልተጻፈ ወረቀት ይኸው።

ጡረተኛው ባሻ | ጥቅምት 11

ነርሷ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ወረቀቷን ዛሬውኑ ፒያሳ ወስደሽ ጥራት ባለው ማሽን 5 ኮፒ አስነሺ። ኦሪጅናሏን ለማንም እንዳትሰጪ። ይመሳከር ካሉ እዚያው ፊትሽ ይመሳከር፣ ይዘሽ ተመለሺ።

ሕግ አጥኚ | ጥቅምት 12

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ጠበቃ ነኝ፣ ይህን ዓይነት ጉዳይ ይዤ አውቃለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ለምን ከቢሮ ቢሮ እንደተላክሽ ልንገርሽ። የጡረታ ተቋሙ ማህደር አያርምም። አሠሪው መሥሪያ ቤት የላከለትን ዘመን ይዞ ያሰላል። ስለዚህ እዚያ ሄደሽ «ዓመቱ ስህተት ነው» ብትይ «ከአሠሪው ደብዳቤ አምጪ» መባልሽ አይቀርም። መጀመሪያ የሠራዊቱ የሰው ሀብት ክፍል ማህደሩን ያርማል፣ ቀጥሎ ያንን በደብዳቤ ለጡረታ ተቋሙ ያሳውቃል፣ ከዚያ ስሌቱ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዓመት ትዞሪያለሽ።

ገንዘቡም ትንሽ አይደለም። አባትሽ በተሰናበቱበት ጊዜ ይሠራ በነበረው አዋጅ 714/2003 መሠረት ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል። በ15 ዓመት ሲሰላ 38.25 በመቶ ይመጣል። በ21 ዓመት 48.15። ልዩነቱ 9.9 በመቶ ነው፣ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። ከእሳቸው በኋላም የእናትሽ 50 በመቶ የሚሰላው ከዚያው ላይ ነው። ያለፈው ውዝፍ ግን ይርጋ ስላለበት አንድ ወር እንኳ አታሳድሪ።

ማመልከቻውን አጭር አድርጊው። የአባትሽን ጀግንነት አትተርኪበት፤ እውነት ቢሆንም የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቁጥር ነው። የእናትሽን ስም በሌላ ማመልከቻ ለብቻው አስገቢ። ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት ካስገባሽ አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ይይዘዋል። እንዲህ ቢሆን፦

«ጉዳዩ፦ ሠራዊቱን የተቀላቀልኩበት ዘመን እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሃምሳ አለቃ ………፣ መለያ ቁጥር ………፣ ሠራዊቱን የተቀላቀልኩት በ1991 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ በማህደሬ 1997 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ31/5/2000፣ ማለትም ግንቦት 23 ቀን 1992 ዓ.ም. የሠራዊቱ አባል ሆኜ በሆስፒታል መታከሜን የሚያሳይ 1 ገጽ ሰነድ አያይዣለሁ። ስለሆነም ዋናው የምልመላ ፎርሜ ወጥቶ እንዲመሳከር፣ ስህተቱ እንዲታረምና ይኸው ለጡረታ ተቋሙ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍሽን እንዳትረሺ። ጉዳዩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

መልስ ካጣሽ በዚያው አትቅሪ። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። በአዋጅ 211/1992 መሠረት የአገር ደኅንነትና መከላከያን የሚመለከት የጦር ውሳኔ ውስጥ አይገባም፤ የአንድ ጡረተኛ የቅጥር ዘመን አለመታረም ግን የአስተዳደር በደል ነው ብለሽ ማቅረብ ትችያለሽ። የጡረታ ተቋሙ ስሌቱን አላርምም ካለ ደግሞ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። በቃል «አይሆንም» ላይ ይግባኝ አይባልም።

ሳሙና በር | ጥቅምት 12

ባሻ፣ ይቅርታ። የላይኛውን ሐሳቤን ትቻለሁ። የእኔንም አጎት ገንዘብ ያው ሰውዬ በልቶበት ነበር፣ ቸኩዬ ነው። እህቴ፣ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ፕሪንት ላድርግልሽ፣ ሱቄ ሳሙና በር ነው። ብር አልፈልግም።

የአዘዞዋ | ጥር 16

ዝም ያልኩት የሚነገር ነገር ስላልነበረ ነው።

ማመልከቻዎቹን ጥቅምት ውስጥ አስገባን። ቁጥር ተሰጠን። ሳሙና በር ቃሉን ጠብቆ ሦስቱንም ገጽ በነጻ ጻፈልን። ኅዳር ላይ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ «በሂደት ላይ ነው»። ታኅሣሥ ላይም እንዲሁ። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ባጃጅ እንኳ ማግኘት አልቻልኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። ያን ቀን አንዲት ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ቁጥሩን ስነግራት አወጣችው፣ የሆስፒታሉን ወረቀት አየች፣ «31?» አለች። ምንም ሳልነግራት። ከዚያ ዋናው ፎርም እንዲፈለግ ራሷ ጻፈች።

የእናቴ ስም ተስተካክሏል። አባባ ቀርቦ ፈረመ፣ መታወቂያዋና የጋብቻ ማስረጃው ተያያዘ፣ አለቀ። እትዬ፣ እናቴ እጅዎን ትስማለች።

የወታደር ሚስት | ጥር 16

እልልልል! በሉ የቀረውን ደግሞ እመቤቴ ትጨርሰው።

የአዘዞዋ | መጋቢት 20

ፎርሙ ተገኘ።

የመዝገብ ቤት ሰው፣ ልክ እንዳሉት ነው። 1991 ነው የሚለው፤ የመጨረሻዋ 1 ከላይ ተቀንጥባ ረዘም ብላለች። በዚያው ገጽ ላይ ያሉት ሌሎች 1 ቁጥሮች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ሠራተኛዋ ጎን ለጎን አድርጋ ለአለቃዋ አሳየችው። የማረሚያው ደብዳቤ ትናንት ወጣ፣ ግልባጩ ለጡረታ ተቋሙ ተልኳል። ስሌቱ ገና ነው፣ እሱንም ቁጥር ይዤ እከታተላለሁ።

አባባ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛውን ጮክ ብሎ። «ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና የጓደኛውን ስም ጠራ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ ጓሮ ወጣ። አልተከተልኩትም።

ዛሬ በጠዋት ተነሥቶ ወደዚያ ጓደኛው ቤት ሄዷል። ሚስትየዋ የባሏን ወረቀቶች ሰብስባ እንድትጠብቀው ትናንት ማታ በስልክ ነግሯታል። የሷን ስም በማህደሩ እንዴት እንዳስመዘገበው ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ነው። ነርሷ፣ አባባ «ያችን ልጅ ቤት ጥሪልኝ» ብሎሻል፤ ለፋሲካ ነይልን።

የደንቢያው | መጋቢት 21

ይህን ዛሬ ነው ያነበብኩት። የእኔም ታላቅ ወንድም ወታደር ነበር፣ የአባታችን ስም ማህደሩ ላይ ገ/ ተብሎ ባጭሩ፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ ገብረ ተብሎ በሙሉ ስለተጻፈ ሁለት ሰው ናቸው ተብሎ ተይዟል። እሱ መራመድ አይችልም፣ እኔም ጎንደር ቢሮ አላውቅም። ማን ያሳየኛል?

ጡረተኛው ባሻ | መጋቢት 21

ሰኞ ከጠዋቱ 2:30 አዘዞ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ጠብቀኝ። ግራጫ ኮት እለብሳለሁ፣ ከዘራ ይዣለሁ። የወንድምህን መታወቂያና ያለውን ወረቀት ሁሉ አምጣ፣ የማይጠቅም የሚመስልህን ጭምር። ውክልና ከሌለህ ግን መጀመሪያ እሱን አስጨርስ፣ እኔም ሰኞውን ወደ ሐሙስ አዞረዋለሁ።